አባቴ የተፈለገበት አውጫጪኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም ዳር ባለው ሰፈራችን በማዮ፣ አባቴ የት እንዳለ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረንም፤ ችግሩ እያንዳንዱ የሚያውቀው ቦታ የተለያየ መሆኑ ነበር። «መጣሁ» ብሎ የወጣው ጥርሴን መንቀል ሳልጀምር ነው። እናቴ ሐዋ ቀን ቀን አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልነበረውም፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደሷ ከወሎ የመጡት ሴቶች ፋኖሱን አቧራው ላይ አስቀምጠው፣ የከሰሉን ፍም ከበው ሲቀመጡ፣ ታላቃቸው እማ ዘይነባ አውጫጪኝ ይጠራሉ።

በአገራቸው ከብት ሲሰረቅ ሰዉ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ ሰው ራሱን እንዳያጋልጥ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይመሰክራል። የእኛ ቤት በሬ አባቴ ነበር።

«ያላ ከድጃ፣ ወፏ ምን አለችሽ?»

ከድጃ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበረች። «ነጩና ጥቁሩ ዓባይ በድንበር ተጣልተው እሱን ሽማግሌ አስቀምጠውታል አለችኝ። እስካሁን አልታረቁም።»

«ምሳውን ማን ይችለዋል?» እማ ዘይነባ ፊታቸውን አይፈቱም።

«ነጩ። ጥቁሩ ስስታም ነው።»

«ጥምጥሙን ቤት ጥሎ ነው እኮ የወጣው። ራሱን ሳይጠመጥም ያስታርቃል?»

«ለዚህ ነዋ ያልሰሙት።»

እናቴ እንደ ነጠላ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ያልሳቀችውን ሁሉ ያኔ ትስቀው ነበር። እኔ አልስቅም፣ አምናለሁ። ከመተኛቴ በፊት ሁለቱ ዓባዮች ቶሎ ታርቀው አባቴን እንዲለቁልኝ ዱዓ አደርግ ነበር።

አንድ ቀን ከድጃ ወደምትሠራበት ሰፈር፣ ወደ ዐማራት ይዛኝ ሄደች። አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ አባቴ ተንበርክኮ፣ በቁመት የምታክለኝን ልጅ ጫማ ያስራል። ልጅቷ አንድ ነገር አለችው፤ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው እንደሚነሣ አልረሳሁም ነበር። ከድጃ እጄን ጎትታ መንገዱን አሻገረችኝ፤ «ፀሐዩ በረታ» አለች።

የዚያን ዕለት ማታ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። «ለእኔም ወፍ ነግራኛለች።»

«እሰይ፣ መስክሪ» አሉ እማ ዘይነባ።

«ዐማራት ነው ያለው። የአንዲት ልጅ ጫማ ሲያስር ታይቷል።»

ከድጃ አቀረቀረች። እማ ዘይነባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ይቺ ወፍ አርጅታለች፣ ዐይኗ ደክሟል። ሌላ ሰው ይሆናል።»

«የለም እማ፣ እሱ ነው» አለች እናቴ፣ ዐይኗን ከፍሙ ሳታነሣ። «ልጅቷም አሚና ትባላለች።»

ማንም አልደነገጠም። ያኔ ነው የገባኝ፦ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ፋኖሱ ደጅ አልወጣም፤ የተፈለገው ከተገኘ አውጫጪኝ ይበተናል።

ከካርቱም ርቄ ፀጉሬ ሸበተ፣ ብዙም አነበብኩ። እውነትን የሚያወድሱት አብዛኞቹ ጠግበው ያደሩ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። እነዚያ ሴቶች ግን የሰው ወለል ሲያጥቡ ውለው፣ ማታ ለአንዲት ልጅ የምትኮራበት አባት ለእናቷም ሳቅ ይሠሩ ነበር። በሕይወት ሳሉ አላመሰገንኳቸውም፤ ዋሽተውኛል ብዬ ለዓመታት ቂም ያዝኩባቸው። ሸንጎአቸውን በትኜ ካገኘሁት እውነት በእጄ የቀረው የአንዲት ልጅ ስም ብቻ ነው። እኅቴ ናት። ይህን ቃል ስጽፈው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።