ጾሜን የጠረጠሩ አባት

የደብሩ ልጆች «እማማ አትጠገብ፣ ስለ መምሬ አለልኝ እርስዎ ይንገሩን» ብለው ስለ ለመኑኝ ነው የምናገረው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምትጽፈው የልጅ ልጄ የሺ ናት። ከነገሩ ስወጣ መልሺኝ ብያታለሁ።

መምሬ አለልኝ ባለፈው ሳምንት ዐረፉ። ወሬውን ይጁቤ ገበያ ላይ ስሰማ አላመንሁም፤ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሳላጣራ ማመንን ያስተዉኝ እሳቸው ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበርና። እንቁላል ቢሰጧቸው እንኳ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ሳይነቀንቁ አይቀበሉም። «ዶሮዋን አምናታለሁ፤ የምጠረጥረው ቀኑን ነው» ሲሉ የማይስቅ አልነበረም። እኔ ዛሬ በሕይወት ቆሜ የማወራው በዚህ ጥርጣሬያቸው ነው።

ፈትል ፈትዬ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ፣ ከማርቆስ አማኑኤል ከተማ እያዞርሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ኤች አይ ቪ በደሜ ካለ ብዙ ዘመኔ ነው። ዛሬ በአደባባይ ብናገረው አላፍርም። ያኔ ግን መድኃኒቴን የምወስደው ከሚያውቁኝ ርቄ ማርቆስ ሄጄ ነበር፤ ብልቃጡም በመንገድ እንዳይንሿሿ ጥጥ እጠቀጥቅበት ነበር። እንዲህ ተደብቄ ደኅና ስኖር፣ አንድ ቀን ልጄ ቤት ብሄድ ምራቴ ብልቃጡን ከጓዜ አይታ ኖሮ የምጠጣበትን ብርጭቆ ለይታ አስቀመጠችው። የሺ፣ እናትሽ ናትና ብለሽ አትዝለይው፤ ጻፊው። ያኔ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ አላወቀችም፤ ዛሬ በአንድ ትሪ ነው የምንበላ። ብቻ ከዚያች ቀን ወዲህ ሆዴ እንደ ባባ ቀረ። እህል አስጠላኝ፤ እንዝርት ማሾር ታከተኝ፤ ሰው ድምፅ ሲያሰማ በሬን እዘጋለሁ።

በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። መደበቂያ አገኘሁ። በጾም የማይበላን ሰው ማን ይጠይቀዋል? የጧት ኪኒኔን «ዘጠኝ ሰዓት እውጠዋለሁ» እላለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ለማታ»፤ ሲመሽ «ለነገ»። ጎረቤቱ ግን «እንደ አትጠገብ ያለች ጾመኛ የት ትገኛለች!» እያለ እግሬን ሊስም ምንም አልቀረው።

መምሬ አለልኝ የነፍስ አባቴ ናቸውና ጸበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ሲያበቁ የመሶቤን ክዳን አነሡት። እንጀራው ከላይ እስከ ታች ሻግቷል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጾም ነዋ፣ መምሬ።»

«ጾም ይሻግታል እንዴ? የሚጾም ሰው ፋሲካን ይጠብቃል። አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?»

መሶቤን መልሼ ከደንሁት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞም ፈትል ነጋዴ ሆነሽ በየጊዜው ማርቆስ ትሄጂ የነበረው ገበያ በማይውልበት ቀን ነው። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። መሄድ ማቆምሽን ግን አይቻለሁ» አሉኝ።

ማን ነገራቸው? ማርቆስ መድኃኒት የምትሰጠኝን ነርስ ጠረጠርሁ። የሚኒባሱን ረዳት ጠረጠርሁ። ነገ በሰው ፊት ያወጡኛል ብዬ እሳቸውን ጠረጠርሁ። በማግስቱ ጓዜን ጠቅልዬ አማኑኤል እህቴ ቤት ገባሁ። እዚያም ኪኒኑን እርግፍ አድርጌ ተውሁት፤ ሳል ያዘኝ፤ ልብሴ ከላዬ ላይ ሰፋ።

በሳምንቱ መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ።

«ንስሐ ላስገባሽ መጣሁ። ደጄ እስክትመጪ ብጠብቅ የምደርሰው ለፍትሐትሽ ነው።»

አልቅሼ ሁሉን ነገርኋቸው። ስንት መቶ ስግደት ይሰጡኝ ይሆን ስል፣ «ቀኖናሽ ይህ ነው፤ ጧት ጧት ደጄ መጥተሽ፣ በልተሽ፣ ኪኒንሽን በፊቴ ትውጫለሽ» አሉኝ።

«በጾም፣ አባቴ?»

«ጾም ሕመምተኛን አትከስም። እኔ ግን እከስሻለሁ።»

በዚያው ማርቆስ ወሰዱኝ። ነርሷ ደሜን አስመርምራ፣ «እማማ፣ ቫይረሱ ጨምሯል። ኪኒኑን አቋርጠዋል እንዴ?» አለች። መምሬ ቀድመውኝ መለሱ፤ «ከኪኒኑ በፊት መብላቷን፣ ከመብላቷ በፊት መሳቋን ነው ያቆመች።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ይህማ ድባቴ ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ሕመም ነው። እሱ ሲይዝ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሲተወው ቫይረሱ ይበረታል፤ ሰውነት ሲደክም ደግሞ ድባቴው ይብሳል። ሁለቱንም አብረን ነው የምናክመው» አለችኝ። እኔስ ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ ስም ያለው ሕመም መሆኑን ስሰማ ግማሹ ሸክሜ ወረደልኝ።

እስክበረታ ድረስ ጧት ጧት ደጃቸው ሄድሁ። ከዋጥሁም በኋላ «ምላስሽን አንሺ» ይሉኛል፤ ከሥሩ ደብቄ እንደሆነ ሊያዩ! ምን እንደምውጥ ግን ለማንም አልተነፈሱም። የሰፈር ሴቶች «መምሬ ጾም ማስገደፍ ጀመሩ» ብለው ቢያሟቸው፣ «እናንተም ስትታመሙ አስገድፋችኋለሁ፤ ተራ ያዙ» አሏቸው። ውሎ አድሮ ነርሷ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ መውረዱን ስትነግረኝ፣ መምሬ «ወረቀቱን አሳዪኝ» አሉ። አላመኗትማ!

እንግዲህ መምሬ፣ ይኸው ዛሬም በልቼ፣ ውጬ፣ ማንም ሳያዘኝ ምላሴን አንሥቼ ልሰናበትዎ ቆሜያለሁ። በሄዱበት ደጅ የሚደበቅ ነገር የለምና ዓይንዎን ያሳርፉ። ይህን ያህል ዘመን የጠረጠሩት እኔን ብቻ አይተው ይመስለኝ ነበር። ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ባለቤትዎ ነገሩኝ። እኔን ከማወቅዎ በፊት ታናሽ እህትዎ በዚሁ በእኔ ሕመም ተይዛ በሯን ዘግታ እህል ትታ ነበር አሉኝ። እርስዎም በሁዳዴ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው «እንደ እርሷ ጹሙ» ብለው አመስግነዋት ነበር። ለፋሲካ አልደረሰችም።