የማርሊስ ቁልፍ

ማርሊስ ሃውገን ክረምት ሲመጣ በረዶ በሚሆን ሐይቅ ዳር ባለችው ዱሉት ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የኮምፒውተር ኮድ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ሥራዋን ታውቃለች፤ ክፉ ዐመሏ ችኮላ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ከኦርዊን ጋር የሐይቁ በረዶ መቼ እንደሚቀልጥ የሚገምት ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ኦርዊን ስልክ አይወድም፣ ሰው ፊት አንደበቱ ይተሳሰራል። ኮድ በቀየረ ቁጥር ከሥሩ በሚጽፋት ማስታወሻ ላይ ግን ሆዱን ይዘረግፋል። «ይህን መስመር አሳጠርኩት። ጉልበቴ ዛሬም አላስተኛኝም። አንቺስ በላሽ?» ይላል። የወንድምና የእህት ወጋቸው እዚያ ነበር።

መጋቢት ላይ ማርሊስ ሳትጠይቀው ግማሽ ሥራውን ደመሰሰችበት።

«ምን ነካሽ አንቺ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ብሎ እዚያው ማስታወሻው ላይ ጻፈላት።

አኮረፈች። የሱን አዲስ ሥራ ከነማስታወሻው ወደ ኮምፒውተሯ ማውረዷንም ተወችው። እሱ መጻፉን አልተወም። ሰኔ ላይ ልቡ ቀጥ አለ።

ከቀብሩ በኋላ፣ አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ የሦስት ወሩን ማስታወሻ ልታነብ ተቀመጠች። ማስታወሻው ያለው በኦርዊን ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ሥራቸውን በሚያከማቸው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ይዞት ሄዷል። የቀረው መግቢያ እሱ ራሱ ያስመዘገበላት፣ ሰርቨሩ እሷነቷን የሚለይበት፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ የተቀመጠ የቁልፍ ፋይል ነው። ከሰርቨሩ የሚያገናኛት ፕሮግራም ግን ቁልፍሽ ተቀባይነት የለውም አላት።

«እንዴት ነው የማታውቀኝ፣ አንተ ቆርቆሮ!»

ኢንተርኔት ላይ አንዱ «አዲስ ቁልፍ ማውጣት ነው» ብሎ ጽፏል። ትእዛዙን ጻፈች። በዚህ ስም ቁልፍ አለ፣ እሱን አጥፍቼ በላዩ ልጻፍበት? ሲል ማሽኑ ጠየቃት። የዚህ ሙያ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ መች ያነባል! ጣቷ ራሱ «አዎ» አለ።

ሰርቨሩ አዲሱን ቁልፍ ከየት ያውቀዋል? አሁንም እንቢ አለ። የሥራ ባልደረባዋ ጌይል መጣችና የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፍታ አየች።

«አይ ማርሊስዬ! ፕሮግራሙ ሲታደስ ቁልፍ የሚፈልግበትን ቦታ ቀይሯል። ይኸው፣ አንድ መስመር ናት። ቁልፍሽማ ምንም አልሆነም ነበር። በይ የድሮውን አሳዪው።»

ማርሊስ እጇን ከመተየቢያው ላይ አነሳች።

«ምነው? የታለ?»

«በላዩ ጻፍኩበት።»

«ቅጂ አለሽ አይደል?»

«የለኝም።»

ጌይል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የኦርዊን ቤት ተሸጦ ነበር። ሐሙስ ዕለት፣ ገዢዎቹ ሳይመጡ፣ ሁለቱ ሴቶች ምድር ቤት ወረዱ። ሰርቨሩ እየሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ በምስጢር የተቆለፈ ስለሆነ ግን አንዴ ከጠፋ ያለ ይለፍ ቃሉ ማንም አይከፍተውም። ማርሊስ የእናታቸውን ስም፣ የውሻቸውን ስም፣ የልደት ቀኑን ሞከረች፤ አንዱም አልከፈተላትም። ገዢዎቹ ደረሱ፤ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ልንቀለው፣ አንቺ ውጪ» አለች ጌይል።

«ተይኝ፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም። ሦስት ወር ሙሉ አኩርፌው፣ ጌይል፣ ምን እያለኝ እንደሞተ እንኳ አላውቅም።»

ተንበረከከችና ሶኬቱን ነቀለችው።