የአጭሩ ንጉሥ ካሴት

የገዛ ቃላችሁ ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ በእናንተው ላይ ሲመሰክር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ አንድ ጠጋኝ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ ከፍቶ ሲያጸዳ፣ የሞቀ ካሴት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር። ሲዲ መጥቶ ካሴት ስለተናቀ፣ ቪዲዮ ቤቶች በየጥጉ ከጣሉት ክምር የድሮ አጫጭር ካርቱኖችን፣ በተለይ ፌዘኞቹን፣ እየመረጥኩ እሰበስብ ነበር። ዐሥራ አራት ካሴቶች ነበሩኝ፤ ሁሉም ላይ ቁጥር ለጥፌባቸዋለሁ። ታቦር ሰፈር ቤት ከተጋራሁት የሒሳብ መምህር ጋር እሑድ ከሰዓት መጋረጃ ዘግተን እናያቸዋለን። በስንጥቁ የገባች ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ታሰምራለች።

አብልጠን የምንወደው የአጭሩን ንጉሥ ካርቱን ነበር። ንጉሡ ማንም በቁመት እንዳይበልጠው ሕዝቡ በጉልበቱ እንዲሄድ ያዛል፤ ሰዎቹ ደግሞ አዋጁ ተነቦ ሳያልቅ ለመንበርከክ ይሽቀዳደማሉ። ንግግር የለውም፤ ፒያኖና የጉልበት ኳኳታ ብቻ። ጓደኛዬ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ፣ እኔ ፊልሙን አቁሜ አስረዳለሁ፦ «ልብ በል፤ ፌዙ በንጉሡ ላይ አይደለም። ሳይገደዱ በተንበረከኩት ላይ ነው።»

«ኧረ ቲቸር፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ!» ይለኛል።

በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ተደረገ። ላልደረሳችሁበት ላስረዳ፦ ባልደረባ ተነሥቶ የባልደረባውን ጉድለት በስብሰባ ፊት የሚናገርበት ነው። ጓደኛዬ እጁን አወጣ። ስለ ካሴቶቼ ተናገረና «ልብ በሉ፤ ፌዙ በንጉሡ ላይ አይደለም» አለ። «ሳይገደዱ በተንበረከኩት ላይ ነው። እዚህ የተቀመጥነውን እኛን ማለቱ ነው።»

ሰብሳቢው «መምህር፣ ግለ ሂስ ያድርጉ» አሉኝ። ተነሣሁ። «ጥፋቴን ተቀብያለሁ» አልኩ። በማግስቱ ዐሥራ አራቱንም ካሴቶች በካርቶን አድርጌ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ አስረከብኩ።

ጓደኛዬ የቢሮው በር ላይ ጠበቀኝ። «አብሬህ እመለከት እንደነበር ያውቃሉ፤ ቀድሜ ባልናገር እኔንም ያነሱኝ ነበር» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ አንተው ነህ በደንብ ያስረዳኸኝ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ።

አምና መሃል ከተማ አገኘሁት። እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔ ስልክ የማወራ መስዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ወዳጅ መንገድ ላይ ቢገጥማችሁ፣ እስቲ እናንተ ቆማችሁ ለመጨበጥ ሞክሩ። የሚቻል ከሆነ ንገሩኝ።