ያላረፈበት ስንኝ

ሊይዙኝ የመጡት አርባ ወታደሮች ነበሩ እያልኩ ለዓመታት አውርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አንደኛው ጉንፋን ስለያዘው አንድ ተኩል ብላችሁ ቁጠሯቸው። ጸሐፊ ሆኜ ከምሠራበት የቡና መፈልፈያ ቤት አውጥተው፣ በጅማ ገበያ መሃል አሳልፈው፣ ጣቢያ አስገቡኝ። የጃንሆይ ዘመን እያለቀ ነበር። እያለቀ መሆኑን ግን እሳቸውም እኛም አላወቅንም።

የተጣልኩበት ክፍል ቀድሞ የቡና ማከማቻ ነበር። ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈል ከተነሣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ገና አልተፈታም። በዚያ ላይ የሽንት ባልዲው ሲጨመርበት የሚፈጠረውን ነገር አፍንጫዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ ወለሉ ላይ ኮከብ ይበተናል። ኮከቦቹ መሃል ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱን አወቅኋቸው፤ የሰርቦ ቡና ነጋዴ፣ ጢማቸው ከቆባቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው የመፈልፈያውን ማሽን የሚጠግነው ፈረንጅ ነው። ጅማ በሙሉ «ጣሊያኑ» ይለዋል።

«ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፤ ና ልጄ ተቀመጥ» አሉኝ ሽማግሌው። «ቦታ አለ። ከሌለም አላህ ያሰፋዋል።»

የሦስታችንም ጉዳይ አንድ ነው። አንድ ማለዳ የመፈልፈያው ቤት በር ላይ ተለጥፎ የተገኘ ወረቀት፦

ቡናውን የለቀመው ጾሙን አደረ፣
ዛፉን ያላየው አዲስ አበባ ሰከረ።

የዚያን ቀን የሚፈለፈለው የሽማግሌው ቡና ነበር። ማሽኑ ሥር ተኝቶ የነበረው ጣሊያኑ ነበር። ግጥሙን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይህንንም በመጀመሪያው ጥፊ አመንኩ። ሁለተኛውን ጥፊ የቀመስኩት «ትዋሻለህ» ተብዬ ነው።

«አንተ?» አለኝ መርማሪው መቶ አለቃ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ከጅማ አይበቅልም። ከባሕር ማዶ የመጣ ችግኝ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ የከነከነኝ ስድብ ግን የለም። ሰው ለግጥሙ ይታሰራል እንጂ ግጥሙን ተቀምቶ ይታሰራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። መቶ አለቃው ፈረንጁ ወደ ጅማ ከመምጣቱ በፊት ኩባ ይኖር እንደነበር ሰምቷል። በዚያ ዘመን ጣቢያ ውስጥ ኩባ የሚል ስም ሲጠራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ እንኳ ይደነግጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቷል፤ ፈረንጁ እንዲናገራት የሚፈልጋት። «ግጥሙን ከኩባ ይዤ መጥቼ ለዚህ ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ይህችን ካለ እሱ በአውሮፕላን ከአገር ይሸኛል። «አንተ ግን» አለኝ፤ «አገርህን ለባዕድ የሸጥክ ነህ። ገመዱን አንተው ገምተው።»

አንገቴ በቅጡ በማላውቀው ሰው አፍ ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ ሰውየውን ማወቅ ፈለግኩ።

መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞረ። አንተ አልኩት።

«ጣሊያን አገር የት ነው የተወለድከው?»

«እኔ ጣሊያን አይደለም» አለ። «እኔ ስፔን ነው። ጦርነት ተሸነፈ፣ ወጣ፣ ኩባ ሄደ። ኩባ ሰው ሁሉ ‹ጋዬጎ› አለኝ። ጋዬጎ ሌላ ክፍለ አገር ነው፤ እዚያ እግሬ ረግጦ አያውቅም። ለእነሱ ስፔን የመጣ ሁሉ ጋዬጎ ነው። ጅማ መጣ፣ ጣሊያን ሆነ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ነገረ። ‹እሺ ጣሊያኑ› አሉ።»

«ዋላሂ እኔም ብዬሃለሁ» አሉ ሽማግሌው በእፍረት። «ምን ልበልህ ታዲያ ከዛሬ ወዲያ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ጣሊያን ተለመደ።»

እኔ መጠየቅ ከጀመርኩ መቶ አለቃ ምን ያደርጋል! ስፔን ምን ይበላል፣ ኩባ ሰው ሲሞት እንዴት ይለቀሳል፣ በሕልምህ በምን ቋንቋ ታወራለህ? የመጨረሻዋን ስጠይቀው «እናቴ ትመጣለች» አለ። «አማርኛ ትናገራለች። መጥፎ አማርኛ፣ እንደ እኔ። እናቴ አማርኛ ሰምታ አታውቅም፤ ድሮ ሞተች።»

የተወለደባትን የስፔን ወደብ ከተማ ሲነግረንም እንዲሁ ነው። አደባባይዋ ላይ የኩባ ዘንባባ በቅሎባታል። በቅርቡ ደግሞ የእኛ የጅማው ወንዝ አዌቱ በመሃሏ መፍሰስ ጀምሯል። «የእሷ ያልሆነውን ለይተህ አታወጣውም?» አልኩት።

«ሞከረ» አለ። «ዛፉን ሲነቅል አደባባዩ አብሮ ይመጣል።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መነጋገር አይቻልም፤ መጮህ ነው የሚቻለው። በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው የኩባ ገበሬዎችን ጨዋታ ያስተማረን። በግብዣ ላይ ዘፋኙ ብድግ ይላል። ከተቀመጡት አንዱ የመጨረሻዋን ስንኝ ይሰጠዋል፣ ማረፊያዋን ብቻ። ዘፋኙ እዚያው በቆመበት ዘጠኝ ስንኝ ፈጥሮ አሥረኛዋ ላይ ማረፍ አለበት። ሲያርፍ ሕዝቡ ያቺን ስንኝ አብሮት ያነሣታል። ማረፍ ያቃተው ዘፋኝ ግን ጉዱ ፈላ፤ ድስት ይመታበታል፣ ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ስም ይወጣለታል። የእኛ አዝማሪ ስንኝ ተቀብሎ ይነሣል፤ የእነሱ የሚደርስበትን ተቀብሎ ነው የሚነሣው።

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱና የመጀመሪያዋን ሰጡት፤ «ቡናዬ ሳይደርቅ ዝናብ መጣበት።»

ፈረንጁ ብድግ አለ። ለእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ጣት እያጠፈ በማናውቀው ቋንቋ ዘጠኙን አንቆረቆረው፤ አንዲት ጣት ስትቀረው ወደ አማርኛ ዞረና «ቡናዬ ሳይደርቅ ዝናብ መጣበት!» ብሎ አረፈ። እኛም አብረን ጮህን። ጅማ ሙሉ የሰማን መሰለኝ፤ ሰርቦም ሳይሰማ አይቀርም። ጠባቂው በሩን በቆመጥ ደበደበ። በሳምንቱ ግን ያው ጠባቂ በበሩ ስንጥቅ አፉን አስጠግቶ «‹ሚስቴ ወጡ ላይ ጨው ረሳች› በሉት እስቲ» ይለን ጀመር።

ከሁላችን ሱሱ የጸናባቸው ሽማግሌው ናቸው። የመጨረሻዋ ጣት ስትቃረብ አፋቸው ቀድሞ ይከፈታል።

አንድ ጠዋት ሦስታችንንም ወደ መርማሪው ቢሮ ወሰዱን። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። መቶ አለቃው የዚያን ቀን ትሑት ነበር፤ ለፈረንጁ ወንበር ሁሉ አቀረበለት።

«ሙሴ» አለው በፈረንጅ አክብሮት፤ «ሕይወትህን ከፈለግህበት ጀምር። አልቸኩልም። መጨረሻዋን ታውቃታለህ፤ እሷ ላይ ድረስልኝና አውሮፕላንህ ላይ ትወጣለህ።» ከዚያም ያቺን ዓረፍተ ነገር በዝግታ አነበበለት። «ግጥሙን ከኩባ ይዤ መጥቼ ለዚህ ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሌላ ቦታ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ፈረንጁ ከወንበሩ ተነሣ። ማንም ተነሣ አላለውም። አሥሩን ጣቶቹን ዘረጋ።

«ባሕር አጠገብ ተወለደ» አለ፤ አንድ ጣት አጠፈ። «አባቴ መረብ ሠራ። ጦርነት መጣ፣ ተሸነፈ። መርከብ ላይ ወጣ። ኩባ ዳቦ ሰጠኝ፣ ዘፈን ሰጠኝ። ስፔን ‹አንተ ቀይ ነህ፣ ኮሚኒስት› አለኝ። ኋላ ኩባ ‹አንተ በደንብ ቀይ አይደለህም› አለኝ። ጅማ መጣ፣ ማሽን ጠገነ። አሁን አንተ ‹እንደገና ቀይ ነህ› ትላለህ።»

ዘጠኝ ጣት ታጥፏል። የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱን ነክቶ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ዞር ስል ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተዋል። ትንፋሽ ስበዋል። እኔን የምታሰቅለዋን ዓረፍተ ነገር፣ በጨዋታው ፍቅር ብቻ፣ ከዘፋኙ ጋር ሊያነሷት ነው! የሰውነቴን ክብደት ሁሉ ሰብስቤ እግራቸው ላይ ቆምኩባቸው።

«ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን ገጠሙ።

ፈረንጁ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ መጥታ ተመለሰች። አሥረኛዋ ጣት እንደተዘረጋች ናት።

«ጌታዬ» አለ፤ «ይህ ማረፊያ የእኔ አይደለም። አላርፍም።»

«አውሮፕላኑስ?»

«አውሮፕላን ወዴት?»

የጠየቀው ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ ነበር።

«ግጥም ጥሩ ነው» አለ ፈረንጁ በአገጩ እኔን እያሳየ። «የእኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ነው የጻፈው።» ከዚያም ያቺን አንድ ጣት ሳያጥፍ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በኋላ የሆነውን ለመጻፍ አልጓጓም። ዱላው ለሦስታችንም እኩል ደረሰን። በማግስቱ ፈረንጁን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ካሚዮን ላይ ጫኑት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን በትከሻው ላይ ጣል አድርገው «ነጋን ዴሚ፣ በሰላም ሂድ ወንድሜ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ ሰው አላገኘሁም። ሽማግሌው ቀድመውኝ ተፈቱ፤ እኔም ከወራት በኋላ፣ የሚከሰኝ ቃል ስለጠፋ፣ «ሂድ ከዚህ» ተብዬ ወጣሁ።

መንግሥት ተለወጠ፤ የሚያሳርፈኝን ስንኝ አዘጋጅቶ የሚጠብቀኝ ሰው ያጣሁበት ዘመን ግን የለም። ኩባም እንደዚያ እንዳስፈራች አልቀረችም፤ ልጆቻችንን ለትምህርት ላክንላት። ከእነሱ አንዱ ተመልሶ መንደራ ቆጪ ሰፈር ጎረቤቴ ሆኗል። ባገኘሁት ቁጥር ስለምጠይቀው ሲያየኝ መንገድ ማሳበር ጀምሯል። ባለፈው ግን ጥግ ላይ ያዝኩት። የገበሬዎቹን ጨዋታ ያውቀዋል፤ ገጠር ወርዶ ብዙ ጊዜ አይቷል።

«ማረፊያውን አልቀበልም ብሎ የተቀመጠ ዘፋኝስ አይተሃል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «አላየሁም ጋሼ» አለኝ። «እንደዚያ ያለ ዘፋኝ የለም።»

እኔ አይቻለሁ።