በእኔ ካርድ የተገዛው ማቀዝቀዣ

የምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ስሰማ እስከ ዛሬ ንዴቴ ይነሳል። ባለ ሁለት በሩን፣ ከወጥ ቤት በር አጠገብ ተገትሮ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመውን ዓይነት ማለቴ ነው። አንድ እንደዚያ ያለ ማቀዝቀዣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በእኔ ስም፣ በእኔ ካርድ ተገዝቷል። ሥጋ ያቀዘቀዘው ለሌላ ሰው ነው፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ፌርፋክስ ላይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ዊልሻየር ጎዳና ላይ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬያለሁ። ጓደኞቼ ታክሲ ሲነዱና በየሆቴሉ በር የሰው መኪና ሲያቆሙ ክራባት አስሬ ሥራ የምገባ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ደመወዝ እንደበላሁ ባንኩ የዱቤ መግዣ ካርድ ላከልኝ። ስሜ ከላዩ ላይ በጉልህ ፊደል ተቀርጿል። እንደ ሹመት ቆጠርኩት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለት ሙሉ ልብስና አንድ ጫማ ገዛሁበት፤ ቢሮ ውስጥ ከሰው እንዳላንስ ብዬ።

ምግብ ቤቱ የጋሼ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ሎስ አንጀለስ ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። ሚድ ሲቲ ሰፈር ካለው ጠባብ አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋቸው ላይ አንድ ክረምት ሙሉ አሳደሩኝ። ኪራይ ልስጥ ስላቸው ተቆጡ። እንግዲህ እኚህ ሰው ምግብ ቤት ሊከፍቱ ተነሱ። ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ ክሬዲት የለዎትም ተብለው ተመለሱና አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ዲናይ አደረጉኝ» አሉኝ። «ያቺን ካርድህን ቻርጅ እናድርጋት። ማቀዝቀዣውን፣ ምድጃውን፣ ጥቂት ወንበር። በየወሩ ጥሬ ገንዘቡን እያመጣሁ እሰጥሃለሁ።»

እምቢ የሚል ምላስ ከየት ይመጣል? በማግስቱ ሄደን ገዛን። ሻጩ ካርዴን በማሽኑ ጎትቶ ሲመልስልኝ ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና መረቁኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር።

ቤቱ ተከፈተ፤ ገበያውም ደህና ሆነ። እኔ እንደ ቤት ልጅ ሆንኩ። ከቢሮ ወጥቼ ጎራ ስል ጥብሱ ሳላዝ ይመጣል። ኪሴ ስገባ ጋሼ እጄን ይይዙታል። «እኔ ልሙት! ያንተ ቤት አይደለም እንዴ?» ጓደኛ ይዤ ብመጣም አንድም ቀን ሂሳብ መጥቶልኝ አያውቅም። ሂሳብ የሚከፍለው እንግዳ ነበር። ጋሼ ፈረንጆቹን እስከ በር ድረስ ሸኝተው «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ!» ይሉና ዞር ብለው እኛን በዓይን ይጠቅሱናል። ያቺን ቃል በአፋቸው ሙሉ ሲሏት በሳቅ እንሞት ነበር።

ገንዘቡ ግን በየወሩ አልመጣም። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አልመጣም። ኪራይ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ የተሰበረ ቧንቧ አለ። ቆይቶ በናፕኪን ተጠቅልሎ ይመጣ ጀመር፤ አንድ ወር ደህና፣ ሁለት ወር ዝም። እንዲህ እየተንጠባጠበ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ባንኩ ደግሞ በመቶ ወደ ሃያ የሚጠጋ ወለዱን አንድም ወር አልረሳም፤ ለዘገየሁበት ቅጣት፣ በቅጣቱ ላይ ወለድ። እኔ ሚኒመሙን፣ ባንኩ በወር የግድ የሚለውን ትንሹን ክፍያ፣ እከፍላለሁ፤ ሚኒመም ማለት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ጋሼ የመጨረሻዋን ናፕኪን ሰጥተውኝ «ተመስገን፣ ጨረስን» ሲሉ ካርዴ ላይ የዕዳው ግማሽ ገደማ እንዳለ ተቀምጦ ነበር።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ቀን ሙሉ የሰው ሒሳብ ሳሰላ የምውል ሰው ለአንድ ሽማግሌ ወለድ የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ምን ብዬ? ሶፋቸው ላይ አሳድረውኝ፣ ጥብሳቸውን በልቼ፣ «ጋሼ፣ ወለዱ ይቀርዎታል» ልበል? በእኛ ዘንድ በብድር ላይ ተጨማሪ የሚቀበል ሰው ስሙ አራጣ በላ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ የእኔ ዝምታ በየወሩ ይነቅዝ ነበር።

ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ መኪና ማቆም ጀመርኩ። ሳምንቱን ሙሉ በክራባት፣ ቅዳሜ በቀይ ጃኬት። አንድ ቅዳሜ አንድ ነጭ መኪና መጣና በሩን ስከፍት የቢሮ አለቃዬ ወረደ። አየኝ። በደንብ ነው ያየኝ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ፣ «ቴክ ኬር ኦፍ ኢት» አለኝና ከሚስቱ ጋር ገባ። ሲወጣ አምስት ዶላር ሰጠኝ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ጣራ ጣራ ያይ ነበር። አምስቱን ዶላር ቀድጄ ልጥለው ፈልጌ ነበር፤ ለሚኒመሙ ስለሚያስፈልገኝ ኪሴ ከተትኩት። ያን ቀን በገዛ ራሴ ተናደድኩ፤ ይህን ዕዳ በአንድ ጊዜ ካልነቀልኩት ሰው አልሆንም አልኩ።

መንቀያው እቁብ ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት የሚጣል እቁብ አለ፤ ታክሲ ነጂዎች፣ የፓርኪንግ ልጆች፣ ሁለት ሦስት ባለሱቆች። እያንዳንዱ ሃምሳ ዶላር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት የሁሉንም ይወስዳል፤ ከዚያ ዙሩ እስኪያልቅ በየሳምንቱ እየጣለ ይቀጥላል። ወለድ የለው፣ ቅጣት የለው። ዳኛው፣ ቤቱም የሳቸው ስለሆነ፣ ጋሼ ናቸው። ገባሁ። ገና በስድስተኛው እሑድ ዕጣው ለእኔ ወጣ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መናገር ይከብደኛል። ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው ገንዘብ ካርዱን ከሥሩ ይነቅለዋል። ግን የእቁብ ሕግ አለ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ከእኔ በፊት የወሰዱት አንድ አንድ ዋስ ጠርተው፣ ተጨብጭቦላቸው ወስደዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ላይ የባንክ ዕዳ አለ ይባላል» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና የምታቆመው ለዚሁ ነው አሉ። እኔ ዳኛ ነኝ፤ የሰው ገንዘብ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሁለት ዋስ ያቅርብ።»

ጆሮዬ ላይ እሳት ነደደ። ዕዳ አለበት! በማን ምክንያት? ከኋላቸው፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ያ ባለ ሁለት በር ያጉረመርማል። ተነስቼ በጣቴ አመለከትኩት።

«ዋሴ ያ ነው!» አልኩ። «ያ ማቀዝቀዣ ነው ዋሴ! ዕዳውም የሱ ነው!»

መጀመሪያ ሳቁ። የጋሼን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ።

«ማቀዝቀዣውን ከፍዬሃለሁ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ምድጃውንም ወንበሩንም። ከፍዬሃለሁ ወይስ አልከፈልኩህም? ሰው ይስማ።»

«ከፍለዋል።»

«ታዲያ?»

«ወለዱስ ጋሼ? ሲዘገዩ የበላኝ ወለድስ?»

«አራጣ?» አለ ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ። «ከጋሼ ላይ አራጣ?» ቤቱ ተንጫጫ። ያሳደሩኝ ሰው፣ ያበሉኝ ሰው፣ ነውር አይደለም ወይ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። አራጣ በላው ባንኩ ነው፣ እኔ እኮ የተበላሁት ነኝ ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? እዚያ ቤት ባንክ የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ ያለሁት።

ጋሼ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኟቸው።

«ባንኩን እኔ አላውቀውም» አሉኝ። «የማውቀው አንተን ነው። አለብዎት ብትለኝ ምድጃዬን ሸጬ እሰጥህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎ?»

«እንዲህ ብለህ ነዋ። አሁን እንደ ጮህከው። ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስንት ነው የሚቀርህ? ተናገር።»

አሁን እዚህ ላይ ነው ራሴን በጥፊ መምታት የሚያምረኝ። ሰውየውን በሰው ፊት አዋርጃለሁ፤ የቀረ ነገር የለም። ቁጥሩን እስከ ሳንቲሙ አውቀዋለሁ። ስንት ነው ተብያለሁ። አፌን ከፈትኩና ምን ወጣ?

«ይተዉት ጋሼ።»

ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ይህ ነው! ሰው ከሰደበ በኋላ እንኳ አይለቅም። ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ጻፍ» አሉ። «ሁለተኛ ዋስ አያስፈልግም። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡኝ። ማንም አላጨበጨበም።

በማግስቱ ባንክ ሄጄ ዕዳውን ከነቅጣቱ ዘጋሁት። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ በደስታ ፈገግ ብላ ጥሩ ደንበኛ በመሆኔ የካርዴ የብድር ጣሪያ ከፍ እንደሚልልኝ ነገረችኝ። መቀስ ያላት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ መቀሱን ግን ሰጠችኝ። ካርዱን እዚያው ፊቷ ቆርጬ ትቼላት ወጣሁ። የፓርኪንግ ሥራውንም ወዲያው መተው አማረኝ፤ የእቁቡ ሃምሳ ግን በየሳምንቱ አለ። ቀይ ጃኬቱን ዙሩ እስኪያልቅ ለበስኩት።

በየእሑዱ ሃምሳዬን ለጋሼ በእጃቸው እሰጣለሁ፤ ቀና ሳይሉ ይቀበላሉ። ስም ይጠራሉ፣ ጸሐፊው ምልክት ያደርጋል። ጥብሱ ግን እንደ ድሮው ሳላዝ ይመጣል። ሂሳብም አይመጣም። ይህን እያየሁ ተጽናናሁ፤ ቁጣ ይበርዳል፣ የቤት ልጅ መጣላቱ ያለ ነው አልኩ። ንዴቱም በልቤ ነበር፤ እኔ የተበላሁት ሰውዬ ስለ ምን አኩራፊ እሆናለሁ፣ እሳቸው ናቸው ይቅርታ የሚሉኝ እያልኩ ጥብሴን እበላ ነበር። አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ወራት አለፉ።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። የመጨረሻዋን ሃምሳ ሰጠሁ። ጸሐፊው ስሜን ሰረዘ፤ የጋሼም ዋስነት እዚያው ላይ አበቃ። ሰው ተመርቆ ሲበተን እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥብሱ መጣ፤ በላሁ። ያን ቀን የማንም ዕዳ የለብኝም። ቅዳሜ ማታ ቤቴ እተኛለሁ ብዬ ሳስብ ሳላስበው ፈገግ ብዬ ነበር። ልነሳ ስል ጋሼ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መሰለኝ፤ ልነሳላቸውም ብድግ አልኩ።

ትንሽ ሰሃን ፊቴ አስቀመጡ። ሰሃኗ ላይ በእጃቸው የተጻፈ ሂሳብ አለ፤ አንድ ጥብስ፣ አንድ ለስላሳ፣ ታክስ።

ከፈልኩ። መልሱን አመጡና ሳንቲም ሳያስቀሩ ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩልኝ። እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ። በሩን ከፍተው ያዙልኝና፣ ማንንም በዓይን ሳይጠቅሱ፣ «ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ» አሉኝ።