ምርኩዝ የበዛበት ወሬ

ልጅ ሳለሁ የአቦይ ኪሮስን ተረት አልወደውም ነበር፤ መጨረሻውን አይነግሩንማ! አቦይ ኪሮስ የእናቴ አጎት፣ በደሃና ወረዳ፣ ከኛ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ላይ የሚኖሩ ንብ አርቢ ነበሩ። ሲመሽ የኩራዙ ብርሃን ፊታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባው፣ እኔንና የጎረቤት ልጆችን ምድጃው ዳር ሰብስበው ይጀምራሉ።

«የአንድ ሰው ፍየል ጠፋች። አንዱ ጅብ በላት አለ። አንዱ ሰባት ጎረቤት ተማክሮ ሸጣት አለ። አንዱ ወደ ተገዛችበት መንደር ተመለሰች አለ። ገመዱ ተበጥሷል፤ ኮቴዋም ወደዚያው መንደር ይሄዳል። የቱን ታምናላችሁ?»

እኔ ሁሌ ሰባቱን ጎረቤት እመርጥ ነበር። ደስ ይሉኛል፣ ምን ላድርግ!

«ኮቴውንስ?» ይሉኛል።

«ሌላ ፍየል በዚያ ነድተው ነዋ።»

«እሰይ፣ ሁለተኛ ፍየል መጣችልኝ!» ይሉና አንድ ጭራሮ አንስተው ምድጃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ። «ምርኩዝ የበዛበት ወሬ አንካሳ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ሰባት አፍ አንድ ምስጢር ሲጠብቅ የት አየሽ?»

«እንግዲያ እውነቱ የቱ ነው?»

«እኔስ የት አውቄ! ከቀረበልኝ ውስጥ የሚሻለውን ነው የምይዘው» ብለው ይስቃሉ። ያኔ ይህ ከተረቱም በላይ ግራ ያጋባኝ ነበር። ሳያውቁ እንዴት ይመርጣሉ?

አንድ መስከረም የመንደራችን ንብ በሁለት ቀን ረገፈ። ብርሃኑ የሚባል ወጣት ከሰቆጣ የሳጥን ቀፎ ሊያስለምደን መጥቶ መንደራችን ተቀምጦ ነበርና፣ ሰው ሁሉ «የኛን ንብ ፈጅቶ የሱን ቀፎ ሊያስይዘን ነው» አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሊያባርሩት ተማከሩ። ብርሃኑ የንብ መከላከያ መረቡን አጥልቆልኝ «ሙሽራ መሰልሽ» እያለ የሚያስቀኝ ልጅ ነውና ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ አመሻሽ ወንዶቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ከሁሉም አብልጦ የሚጮኸው አባቴ ነበር። አቦይ ኪሮስ የሞቱ ንቦች በሰፌድ ይዘው መጡና ፍሙ አጠገብ አስቀመጡ።

«እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ አለ፤ ከአበባ ሲመለሱ ነው የሞቱት። ቀፎ ውስጥ የነበሩት ደህና ናቸው። የብርሃኑም ንብ ረግፏል።»

«የራሱንማ ለማስመሰል ገድሎ ነው፣ አቦይ» አለ አባቴ።

አቦይ አንድ ጭራሮ አስቀመጡ። «የውስጦቹስ እንዴት ተረፉ?»

«አበባው ላይ ረጭቶ ይሆናላ።»

«ሲረጭ ማን አየው?»

«ረዳት አለው እንጂ! ከላይ የላኩትም አሉ። እርስዎ የዋህ ነዎት።»

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጭራሮ ሆነ። አቦይ ዓይናቸውን ከአባቴ አንስተው እኔ ላይ ጣሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ከሦስት ቀን በፊት፣ ባቄላችን አብቦ ሳለ፣ አባቴ ከሰቆጣ ገበያ የገዛውን የተባይ መድኃኒት በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አንድም ምርኩዝ የማይፈልገው ወሬ ያ ነበር። አባቴ ትክ ብሎ ያየኛል።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

በማግስቱ ብርሃኑ ቀፎውን አህያ ላይ ጭኖ፣ ግንባሩ እየደማ፣ በድንጋይ ተሸኘ። አቦይ መሀል ገብተው ባይለምኑ ዱላውም አይቀርለትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ተረት ንገሩኝ ብያቸው አላውቅም።

ዛሬ ሰቆጣ እኖራለሁ። ስልኬ በየቀኑ የሰባት ጎረቤት ወሬ ያመጣልኛል፤ እኔም ጭራሮ እየቆጠርኩ አልፈዋለሁ። በሰው ወሬ ላይ ጎበዝ ነኝ። ያቃተኝ የራሴው ነው፦ አባቴ የኛ መድኃኒት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ የእውነት ብርሃኑን ጠርጥሮ ነው? ያን እሑድ ማለዳ የመድኃኒቱ ጠርሙስ አባቴ ካስቀመጠበት ከጎተራው ሥር አልነበረም። አልቆ ተጥሎ ነው እላለሁ። እኛ ቤት ግን ባዶ ጠርሙስ አይጣልም፤ ታጥቦ ጋዝ ይቀመጥበታል። እንግዲያ ጎረቤት ተውሶት ይሆናል። ጎረቤት መርጫ የለውም። እንግዲያ አይጥ ገፍታ ጥላው ይሆናል። ዙሪያውን በእጄ ዳብሼዋለሁ፣ የለም።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ። «እንዴት ነሽ ልጄ» ሲለኝ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ፣ «ደህና ነኝ አባዬ» አልኩት። ለሱ ስል የደረደርኩት ጭራሮ ይኸው አንድ ሸክም ሞላ።