«ክር» ብዬ ስፌት ቤት ያስመደብኩት ፊዚክስ

ዛሬ ስትሪንግ ቲዎሪ የሚባለውን የፊዚክስ ኮርስ ያስተማርኩት በልብስ ስፌት ማሽኖች መሃል ነው። ቀልድ አይደለም።

የመማሪያ ክፍል መጠየቂያው ፎርም የኮርሱን ስም በአማርኛ ጻፍ ሲለኝ «የክር ንድፈ ሐሳብ» ብዬ ሞላሁ። ፕሮግራም አውጪው «ክር» ሲያይ ስፌት ወርክሾፕ መደበኝ። («ገመድ» ብል ኖሮ ከብት እርባታ ይልከኝ ነበር።)

ክፍል ይቀየርልኝ ብዬ ቢሮ አልሄድኩም። ባለፈው ሳምንት የኮርሶች ግምገማ ላይ የትምህርት ክፍላችን ሰብሳቢ «ይሄ ትምህርት ለአካባቢያችን፣ ለሁምቦ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? ተማሪውም አራት ብቻ ነው፤ ይዘጋ» ብለዋል። ብሄድ ክፍሉን በመቀየር ፈንታ ኮርሱን ነው የሚዘጉብኝ።

ስለዚህ ከማሽኑ ላይ ወፍራም ክር መዝዤ በሁለት ወንበር መሃል ወጠርኩት። ነካ ሳደርገው ጮኸ። ይበልጥ ወጥሬ ስነካው ድምፁ ቀጠነ።

«አያችሁ፣ ክሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ንዝረቱ ነው። ንድፈ ሐሳቡም ቁስ ሁሉ እንዲህ ከሚነዝር ረቂቅ ክር ነው የተሠራው ይላል» አልኳቸው አራቱን።

የወርክሾፑ ኃላፊ ወይዘሮ አማረች ማሽናቸውን አቁመው ይሰሙኝ ነበር።

«መምህር፣ ዓለም በሙሉ ከእንደዚህ ያለ ክር ነው የተሠራው እያልክ ነው?»

«እንደዚያ ብለን እንጠረጥራለን። ገና አልተረጋገጠም። ሰብሳቢያችን ግን ለሁምቦ ገበሬ አይጠቅምም ብለው ሊዘጉት ነው።»

«የሁምቦን ገበሬ ጠይቀውታል?»

«እኔ እንጃ።»

«አባቴ የሁምቦ ገበሬ ነው» አሉ ወይዘሮ አማረች። «ነገ ይዤው እመጣለሁ። ወንበር አዘጋጅ።»

አዘጋጅቻለሁ፤ ከፊት፣ ከክሩ አጠገብ። ሰብሳቢያችንም ከፈለጉ ከኋላ ቦታ አለ።

እናንተስ «ምን ይጠቅማል?» ተብላችሁ እምቢ ብላችሁ የቀጠላችሁት ነገር ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ ነገ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።